የወደቀ ሰው ማንሳት የሚያስቀጣበት ሜዳ

ባለፈው ቅዳሜ ለጉልበቴ ቅባት ልገዛ ሆኽስት ባቡር ጣቢያ አጠገብ ወዳለው መድኃኒት ቤት ጎራ አልኩ። ሻጯ ልጅ «ይኼ አዲስ የመጣ ነው» ብላ የአንዱን ቅባት ክዳን ከፍታ ወደ አፍንጫዬ ስታስጠጋልኝ፣ ካምፎሩ አናቴ ድረስ ወጣና ዓይኔ እንባ አቀረረ። እሷ አዲስ ትበለው እንጂ ሽታው የድሮ ወዳጄ ነው። ሃያ ዓመት ከምናምን ወደ ኋላ መልሶ ኒዳ ወንዝ ዳር፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ በሆነች ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ አስቀመጠኝ። አሥራ ሦስት ወንድ ጎን ለጎን ተደርድሮ ጭኑን በካምፎር እያሸ፣ የሰባት አገር ቋንቋ እያወራ፣ መስኮቱ በትንፋሽ ደፍኖ። እዚያ ትንሽ ቆይቼ ስመለስ፣ ከፊቴ ተሰልፎ ሒሳብ የሚከፍለውን ሰው ጀርባ አየሁ። ትከሻው ጎበጥ ብሏል፣ ጸጉሩ ሳስቷል። ያንን አንገት ግን ከሺህ ሰው መሃል እለየዋለሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከኋላው እየሮጥኩ ያየሁት አንገት ነው። ሙላቱ ነበር። ሙላቱ ካኮረፈኝ ደግሞ ሃያ ዓመት አልፎታል።

ሰው ሲሰማ በሴት ወይም በገንዘብ የተጣላን ይመስለዋል። አይደለም። ሙላቱ ያኮረፈኝ የወደቀ ሰው ደግፌ ስላነሳሁ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። እዚሁ ተወልዳ ያደገችው ልጄ ሄለን እንኳ፣ በአማርኛ ብጠይቃት በጀርመንኛ የምትመልስልኝ፣ «ጨዋታ እኮ ነው ፓፓ» ትለኛለች። ጨዋታማ ጨዋታ ነበር። ግን አንድ ሰው በእጁ ያለው ነገር ጨዋታ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ለሙላቱ እንደዚያ ነበር።

ጊዜው ማርክ ቀርቶ ዩሮ የገባበት ሰሞን ነው። ዓመቱን ብትጠይቁኝ እሳሳታለሁ፤ ዶነር ስንት እንደነበር ብትጠይቁኝ ግን አልሳሳትም። ሁለት ዩሮ ከሃምሳ ነበር፣ ያውም ሥጋው ከቂጣው ተርፎ እጅ ላይ የሚራገፍ። ያኔ ሁላችንም ዋጋ ባየን ቁጥር በሆዳችን በሁለት እያባዛን ወደ ማርክ እንመልሰውና «ጉድ ነው» እንል ነበር። አዲስ አበባ ለመደወል የአምስት ዩሮ ካርድ ተገዝቶ በሳንቲም ይፋቃል፤ ከደቂቃው ግማሹ «ሃሎ፣ ትሰማኛለህ?» በማለት ያልቃል። ከጣቢያው ወጥቶ ኬኒግሽታይነር መንገድ ሲደረስ ጥጉ ላይ አንዲት ስልክ ቤት ነበረች፤ አራት የእንጨት ሳጥን፣ አራት ስልክ፤ ተራ የሚጠብቀው ሰው ከውስጥ ያለውን ሰው የቤተሰብ ጉዳይ ሳይወድ በግድ ይሰማል። ማን ወንድሙን ሊድር እንደሆነ፣ የማን እናት ዓይኗን ልትታከም እንደሆነ እዚያ ቆሜ ነው የሰማሁት። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ጥፍር የሚያሳምሩ ልጆች ተቀምጠዋል፤ ዶነሩም ዋጋው ሲጨምር ሥጋው ቀንሷል። ሙላቱ ጥቁር የቆዳ ጃኬት ነበረችው፣ በጋም ክረምትም ከላዩ የማትወርድ። ሰፊ ጂንሱን በቀበቶ ጠፍሮ፣ ጃኬት ኪሱ ውስጥ ሲዲ ማጫወቻውን ከትቶ ይሄዳል፤ ፈጠን ባለ ቁጥር ዘፈኑ ይዘላል፣ ስለዚህ ሙዚቃ ሲሰማ ቀስ ብሎ እንደ ሙሽራ ነው የሚራመደው።

እኔ ያኔም ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ሻንጣ ጫኝ ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ፣ ለጡረታ ትንሽ ነው የቀረኝ። እዚያ ሬይ የሚባል፣ ከሰሜን እንግሊዝ የመጣ፣ ጆሮው የተጨማደደ የአውሮፕላን መካኒክ ነበር። ሻንጣ ከጋሪ ወደ አውሮፕላን ሆድ ስንቀባበል አንድ ጧት ቆሞ አየኝና፣ «ሰው ብትይዝም እንደዚህ ነው የምትይዘው?» አለኝ። ራግቢ ሊግ የሚባል ጨዋታ እንዳለ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። እኔ ደግሞ ሙላቱን ይዤው ሄድኩ። ሙላቱ ኡንተርሊደርባህ በሚገኝ የስደተኞች መኖሪያ ሃይም ውስጥ ለአራት አንድ ክፍል ይኖር ነበር። ወረቀቱ ዱልዱንግ ናት፣ ማለትም ለጊዜው እንታገስሃለን የምትል፤ በየሦስት ወሩ ትታደሳለች፣ ሥራ ግን አትፈቅድም። ጠንካራ ወጣት ሰው ቀኑን ሙሉ አልጋው ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ ማየት ያሳዝናል። ማክሰኞና ሐሙስ ግን ልምምድ አለ። ከስድስት ወር በኋላ ሬይ አምበል አደረገው፤ ዶነር ሻጩ ቱርክ ሳይቀር ከሩቅ ሲያየው «ካፒቴን» እያለ ይጠራው ጀመር። ከዚያ ወዲህ ሙላቱ አንገቱን ቀና አድርጎ ነበር የሚሄደው። እኔ ከኋላው ስለምሮጥ ለውጡን ከማንም በፊት አይቻለሁ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አሥራ ሦስት ሰው በአሥራ ሦስት ሰው ላይ ነው፤ ኳስ የያዘውን ይዘህ መሬት ላይ ትጥለዋለህ። አንድ ቡድን ኳስ ይዞ ስድስት ጊዜ እስኪጣል ድረስ ዕድል አለው፤ ከስድስተኛው በኋላ ኳሱን ያስረክባል። ስለዚህ አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ብዙውን ጊዜ ወደፊት ይጠልዙታል፣ እኛም እፎይ እንላለን። አሁን ቅጣት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አምስት ጊዜ ተጋፍተህ፣ ሳንባህ ሊወጣ ደርሶ፣ አንድ ብቻ ሲቀርህ ዳኛው ያፏጫል፤ ቅጣት። ያኔ ሰዎቹ ኳሱን በጎን መስመር አሻግረው ይለጉታል፣ ወደ አርባ ሜትር ወደ አንተ ሜዳ ይገባሉ፣ በዚያ ላይ ስድስቱ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ፈረቃህን ጨርሰህ ልብስህን ልትቀይር ስትል «ተተኪው አልመጣምና ድገም» እንደመባል ነው። ነጥብ አልገባብህም፣ ሰሌዳው ላይ ምንም አልተለወጠም፤ ግን ጨዋታው ከእጅህ ወጥቷል። ሬይ ፊሽካ ሲነፋ ዳኛውን አያይም ነበር፤ የሚያየው የእኛን እጅ ነው። እጃችን ወገባችን ላይ ከሆነ ገና አለን ማለት ነው፤ እጃችን ጉልበታችን ላይ ከወረደ ግን የሚቀጥለው ግብ የእነሱ ነው ይል ነበር፤ እውነቱን ነው።

ታዲያ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሬይ ራሱን ያሳመመው ነገር ምን መሰላችሁ፤ ከቡድኑ ሁሉ ብዙ ቅጣት የምናስከፍለው ሁለታችን ሐበሾች ነበርን። ተማትተን ወይም ተሳድበን አይደለም። ሰው ጥለን ስናበቃ ሁለታችንም «እኔን» ብለን ጎንበስ እንላለን፣ ብብቱ ስር ገብተን ልናነሳው። ሰው ፊትህ ሲወድቅ እኔን ሳትል እንዴት ታልፋለህ? ያውም የጣልከው አንተው ሆነህ። የሊጉ ሕግ ግን የጣልከውን ሰው ወዲያው ልቀቅ ነው የሚለው፤ ራሱ ተነስቶ፣ ኳሱን መሬት አስነክቶ፣ በእግሩ ወደ ኋላ ማሳለፍ አለበት። የእኔ ድጋፍ ለዳኛው ማዘግየት ነው፤ ሰውዬው እንዳይነሳ መያዝ ነው። የመጀመሪያውን ጊዜ ሲያፏጭብኝ የምስጋና መስሎኝ ነበር። ሬይ ለአንድ ወር ሙሉ፣ ሰው ከጣልን በኋላ ሁለት እጃችንን ወደ ሰማይ አንስተን ወደ ኋላ እንድንሮጥ አለማመደን። ሙላቱ ፈጣን ነው፤ መላ አገኘለት። ሰውዬውን ይጥላል፣ እጁን ያነሳል፣ ወደ ኋላ እየሮጠ «እኔን፣ እኔን» ይላል። አፉ ሐበሻ፣ እጁ እንግሊዝ። የኔ እጅ ግን አልሰማ አለኝ።

ሙላቱ ከዚያም አልፎ ቅጣትን ለራሱ ጥቅም ማዋል ተማረ። የግብ መስመራችን አጠገብ ደርሰውብን፣ የእኛ ሰዎች ተበታትነው ሲያይ፣ የጣለው ሰው ላይ ሆን ብሎ እስከ ሦስት ቆጥሮ ይተኛበታል። ፊሽካ ይነፋል፤ እሱ ይቅርታ እየጠየቀ በቀስታ ይነሳል፤ በዚያች ቅጽበት አሥራ ሁለታችን ተሰልፈን ቆመናል። የሌላው ቡድን አምበል ደግሞ ይጨነቃል፤ ኳሱን በግቡ እንጨቶች መሃል መትቶ ሁለት ነጥብ ይውሰድ ወይስ ሮጦ ኳሱን ከመስመሩ ኋላ አሳርፎ አራት ነጥብ ይሞክር። ሲያመነታ ፍጥነታቸው ይበርዳል። በአንድ ጨዋታ ከሁለቴ በላይ አያደርጋትም፤ ዳኛው ከነቃበት ለአሥር ደቂቃ ያስወጣዋል። ሙላቱ ቅጣትን አስቦ ይገዛል፣ አንተ በነፃ ታድላለህ ይለኝ ነበር ሬይ። ወሬው ግን ወጣ። በሁለተኛው ዓመት የሌላ ከተማ ቡድኖች አወቁብኝ፤ እኔ ስጥላቸው እያቃሰቱ መተኛት ጀመሩ።

የሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ የሜዳው ባለቤት የነበረው የእግር ኳስ ክለብ፣ ከምድባችን አንደኛ ከወጣን በሚቀጥለው ዓመትም እንድንጫወትበት፣ ካልወጣን ግን ለሌላ ሊሰጠው መወሰኑን ለሬይ ነገረው። የመጨረሻው ጨዋታ ከራይን ወንዝ ማዶ ከመጣ ቡድን ጋር ነበር። ሙላቱ ያን ቀን ጧት ክፍሌ መጥቶ ቀይ ሥር የሚመስለውን ማሊያዬን ራሱ ተኮሰልኝ። ሲተኩስ ቀና ሳይል እንዲህ አለኝ፦ «ታደሰ፣ ዛሬ እጅህን ጠብቅልኝ። ይቺ ሜዳ ከሄደች እኔ ሃይም ውስጥ ያለሁ አንድ አልጋ ነኝ።» እሺ አልኩት፤ በእናቴ ምዬ።

ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፀሐይ አለ፣ ሣሩ ገና ተቆርጦ ይሸታል። አሥራ ስምንት ለአሥራ ስድስት እየመራን አራት ደቂቃ ያህል ቀርቷል። ኳሱ በእነሱ እጅ ነው፣ ግን ገና በራሳቸው ሜዳ ናቸው፤ አራት ጊዜ ጥለናቸዋል። ለመጠለዝ ጊዜ አልነበራቸውምና አንድ በር የሚያህል ሰውዬ ይዞት ወደ እኔ መጣ። ጣልኩት። እንዲህ ያለ ጥሩ አጣጣል በሕይወቴ ጥዬ አላውቅም፤ አምስተኛው ነው፣ አንድ ብቻ ቀራቸው፣ ኳሱ የእኛ ሊሆን ነው። ሰውዬው ትከሻውን ይዞ አቃሰተ። እኔም «እኔን» ብዬ ጎንበስ አልኩና ብብቱ ስር ገባሁ። እዚህ ላይ ለሃያ ዓመት ለማንም ያልነገርኩትን ልናገር። ዕድሜዬን ሙሉ ሸክም አንስቻለሁ፤ ክብደት አይዋሸኝም። የምር የተጎዳ ሰው ስታነሳው ክብደቱን ይሰጥሃል፤ ያስመሰለ ሰው ግን ክብደቱን ለራሱ ይይዛል። ያ ሰውዬ ክብደቱን አልሰጠኝም። እንዳስመሰለ በእጄ አወቅኩ፤ ልለቀው ሳስብ ግን ዳኛው አፏጭቶ ነበር።

ኳሱን በጎን መስመር ለጉት፤ አርባ ሜትር ገቡብን። ስድስቱ ከአንድ ጀመረ። ዞር ብዬ ስመለከት የአሥራ ሁለቱም እጅ ጉልበታቸው ላይ ነው፣ የሙላቱ ሳይቀር። በአራተኛው ላይ ያው በር የሚያህለው ሰውዬ፣ ታመመ በተባለው ትከሻው ሁለት ሰዎቻችንን ገፍቶ መስመራችንን አለፈና ኳሱን መሬት ላይ አሳረፈ። ከዚያ በኋላ የምትሰጠውን የሁለት ነጥብ ምትም መትተዋት ገባች። ሃያ ሁለት ለአሥራ ስምንት። ሙላቱ ከሜዳው ወጣ። ማሊያውን አውልቆ አጣጥፎ ሬይ እጅ ላይ አስቀመጠና የቆዳ ጃኬቱን ለብሶ፣ ሙዚቃ ሳይከፍት፣ በፍጥነት ሄደ።

ሜዳው ተወሰደ፣ ቡድኑ ተበተነ፣ ሬይም አገሩ ገባ። ዶነር ሻጩ ለጥቂት ሳምንት «ካፒቴን» ሲል ቆይቶ እሱም ተወው። እኔ ሙላቱ ዘንድ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላክሁ። በመጀመሪያው ዙር የሄዱት ሦስት የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ቄስ ናቸው። ሙላቱን በምን እንደተቀየመ ጠየቁት፤ ነገራቸው። ቄሱ ሰምተው እንዳልሰማ ሰው ሆኑ። «የወደቀ ሰው አነሳ ነው የምትለው ልጄ?» አሉት። አዎ አላቸው። ሌላስ አሉት፤ ሌላ የለም አላቸው። እኝህ ሰውዬ በሽምግልና ዘመናቸው እንዲህ ያለ ክስ ሰምተው አያውቁም። እንኳን ሊቆጣኝ መርቆ ሊሸኘኝ እንደሚገባ ነገሩትና ወጡ፤ የሁለተኛው ዙር ሽማግሌዎችም እንደዚሁ ፈረዱልኝ፣ ማለትም ፈረዱበት። እኔም በየቤቱ «አያችሁ?» እያልኩ ደረቴን ነፋሁ። ሙላቱ የፈለገው ግን ፍርድ አልነበረም። ያ የወደቀው ሰውዬ አስመስሎ ነበር ይላል፣ ታደሰ ያውቃል ይላል፤ እኔ ደግሞ የምር ተጎድቶ ነበር ብዬ ድርቅ አልኩ። የሐበሻ ሰው ሁሉ ከጎኔ ቆሞ ሳለ ክብደት ምናምን ብዬ ራሴን የማጋልጠው ለምንድን ነው? እንዲህ ብዬ ሃያ ዓመት ሞላኝ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ተስተካከለለት፣ አውቶቡስ ነጂ ሆነ፣ ልጆች ወለደ። ልቅሶና ክርስትና ላይ ስንገናኝ ራሳችንን ነቅነቅ አድርገን እንተላለፋለን። ደግነቴን ዛሬም አልክድም፤ አንድ ሰው ፊቴ ቢወድቅ አሁንም አነሳዋለሁ። የማፍርበት ያነሳሁት አይደለም፤ ያወቅኩትን መደበቄ ነው።

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሙላቱ ሒሳቡን ከፍሎ ዞር ሲል ፊት ለፊት ተገጣጠምን። በእጁ የያዘው ያንኑ የካምፎር ቅባት ነው። ደህና ነህ አልኩት፤ ደህና ብሎኝ ወጣ። እኔም ቅባቴን ሳልገዛ ተከትዬው ወጣሁ። ዝናብ አባርቷል፤ የመንገዱ ዛፍ ቅጠል የመድኃኒት ቤቱ ደረጃ ላይ ረግፎ ያንሸራትታል። ሙላቱ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ሲረግጥ እግሩ ከዳውና በጎኑ ወደቀ፤ የቅባቱ ብልቃጥ ተሰብሮ ሽታው መንገዱን ሞላው።

«እኔን» አልኩ። እጄ እኔን ሳትጠብቅ ብብቱ ስር ገብታለች። ደረጃው ላይ ተንበርክኬ እንደያዝኩት፣ ለሃያ ዓመት ያሰርኩት አፌ ተፈታ።

«ሙላቱ፣ ያ ሰውዬ አስመስሎ ነበር። ያኔውኑ አውቄው ነበር። ለሽማግሌዎቹም ለአንተም ዋሽቻለሁ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ጸጉሩ ላይ ቅጠል ተለጥፏል። እንባ ይሁን ካምፎር ዓይኑ ቀልቷል። የሚያልፉ ሰዎች መቆም ጀምረው ነበርና አፍሬ ቶሎ ላነሳው ሳብ አደረግኩት።

«ቀስ በል ታደሰ» አለኝ። «እዚህ ዳኛ የለም።»

ከዚያም ክብደቱን ሁሉ ሰጠኝ።